ያለ ዶሮ የተፈለፈሉ ጫጩቶች

ጅቡቲ፣ ራስ ዲካ
ሐምሌ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ ለወይዘሮ ወለተማርያም፣

እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዝናቡ በርትቷል አሉ። የጓዳው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል ወይስ ባለፈው የላክሁት ላስቲክ ያዘው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሙክታር ከስታለች ብሎ ቢነግርሽ አትመኚው። ያ ሾፌር ወፍራም ሴት ካላየ ሰው ያየ አይመስለውም።

ይህን የምታነብልሽ ጥበብ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ሌላ ማን አለሽ? እንግዲህ ጥበብ፣ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። የሚያስቀውን እየመረጥሽ የቀረውን እንዳትዘልዪው። ጽሕፈቴ አላማረም ብለሽም አትሳቂብኝ፤ ወጥ ቤት ተቀምጬ አንድ ዓይኔን ሩዙ ላይ ጥዬ ነው የምጽፈው።

መልእክታችሁ ደርሶኛል። ሙክታር መኪናውን ወደብ አቁሞ እዚህ በር ድረስ መጥቶ ነገረኝ። ጥበብ አሥራ አንደኛን ጨርሳ "ትምህርት በቃኝ፣ እህቴ ጋ ጅቡቲ እሄዳለሁ" ብላለች። አንቺም "አበሩ ነይ ካለቻት መስከረም ላይ ከሙክታር ጋር እሰዳታለሁ፤ ቅሪ ካለቻት ትቀራለች፤ ቃሉ የሷ ነው" ብለሻል። ሥራውም አለ። የአሠሪዬ የማዳም ሱሪያ ልጅ ሙኒራ ካርቲየ 6 የሚሉት ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ቤቷ በልጆች ተሞልቶ የምታግዛት ሴት ትፈልጋለች፤ ክፉ ሰውም አይደለችም። የቀረው የእኔ ቃል ብቻ ነው። እማዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይጣላል? ከዚያ ቀን ወዲህ የምበላው አይጣፍጠኝም።

ጥበብ ለሙክታር "እህቴ ያለችበት ቤት ብርዱ በማሽን ነው የሚሠራው" ብላዋለች አሉ። እውነቷን ነው። ክሊም ይሉታል። ሳሎኑን ያቀዘቅዛል፣ የማዳምንም መኝታ ቤት ያቀዘቅዛል።

መልሴን እጽፋለሁ፤ ግን መጀመሪያ ያየሁትን ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ መልሱም አይወጣልኝም። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ዶሮ ስታረቢ ኖረሽ እንዲህ ያለ ነገር አላየሽም። እኔ ልጅሽ አየሁ። ካየሁ ይኸው ሁለተኛ ሳምንቴ ነው፤ አሁንም ሳስበው ገላዬን ይወርረኛል።

ማዳም ሱሪያ ዘራቸው የመን ይሁን እንጂ ተወልደው ያደጉት ድሬዳዋ ነው። አማርኛውን ከእኔ እኩል ያወሩታል፤ ሲናደዱ ብቻ ወደ ዓረብኛው ይዞራሉ። ሙሽራ ሆነው በባቡር ወደዚህ ሲመጡ እናታቸው ሁለት ቄብና አንድ አውራ ዶሮ በቅርጫት አድርገው ሰጥተዋቸው ነበር። እነዚያ ሲዋለዱ ሲዋለዱ እስከ ዘንድሮ ድረስ ግቢውን ሞልተውት ኖሩ። ባላቸው አርፈዋል፣ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል፤ ከእናት ቤት የቀራቸው ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ። አንዷን እንረድ ያለ ሰው ወዮለት። ለበዓል እንኳ የሚበላው ዶሮ ከገበያ ይመጣል እንጂ የግቢው አይነካም።

ሰኔ ሲጋመስ ፈንግል ገባ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት አንገቷን የደፋችው ከሰዓት በኋላ የለችም። ሳምንት ሳይሞላ ግቢው ጭጭ አለ። ጠዋት ጠዋት "ይኼ አውራ ዶሮ አላስተኛም አለኝ" እያልኩ የምሳደበው ሴትዮ፣ ዝም ሲል ጊዜ ልቤ ፈራ። ማዳም ምግብ መቅመስ ተዉ። እህል ይዤ ስቆምባቸው "እናቴን ሁለተኛ ቀበርኳት" አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከሁሉ በኋላ የሞተችው ገብስማዋ ነበረች። እሷ ከሌሎቹ ተለይታ ሰገነቱ ላይ፣ ከእኔ ክፍል በር አጠገብ ካለው የውኃ ታንከር ጀርባ ትጥል ነበር። አይቻታለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። የሐዋርያት ጾም ባይገባ ኖሮ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ እጨርስባት ነበር፤ ስለ ጾሙ ተውኳት፣ እሷም ሲሞላላት ተኛችባቸው። በሽታው ሲይዛት ከላያቸው ተነስታ ደረጃው ላይ ወድቃ አገኘኋት። ቀበርናት። እንቁላሎቹን ግን ማን ያስታውሳቸዋል?

ከቀናት በኋላ ማዳም ምንም አልበላም ብለው ሲያስቸግሩኝ ትዝ አሉኝ። ከግቢያቸው ዶሮ የተገኘ ነው ብላቸው እሺ ይሉኝ ይሆናል ብዬ አንዱን አመጣሁ። ምጣዱን ገና እሳት ላይ አልጣድኩትም። እንቁላሉን ምጣዱ ላይ ሰበርኩት። እማዬ፣ አስኳሉ ላይ ቀይ ክር ተዘርግቷል፤ ቀጭን፣ የሸረሪት ድር የሚመስል። መሐሉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ አለች። ነጥቧ ትመታለች! ልብ ናት። እናቱ ሞታ ተቀብራለች፣ የታቀፈው የለም፣ ልቡ ግን እዚያ ምጣድ ላይ ድው ድው ይላል። የጮኽኩት ጩኸት ጎረቤት ሳይሰማው አልቀረም።

ማዳም በግድግዳው እየተደገፉ መጡና ጎንበስ ብለው አዩት። ሁለታችንም ሳንተነፍስ ስናየው፣ እያየነው ቆመ። ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመርኩ። በእጄ የገደልኩት መሰለኝ።

"ሌሎች አሉ?" አሉኝ ማዳም።

"አሉ፣ ታንከሩ ጋ።"

"ሞቃት ናቸው ወይስ በርደዋል?"

"ከእጄ ይሞቃሉ ማዳም።"

"ማን ታቀፋቸው?"

"ማንም።"

"ሱብሃነላህ" አሉና ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ቆዩ። ከዚያ፣ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ፣ ድምፃቸው እንደ ድሮው ሆኖ ወጣ። "በይ ሂጂ! ድመት ሳያገኛቸው ሂጂ!"

እኔም ወደ ክፍሌ አስገባኋቸው። ሙኒራ በስልክ "የተኛች ዶሮ ከገበያ እንግዛ" ብላ ነበር፤ ማዳም ግን ፈንግሉ ገና ከግቢው አልወጣም፣ ሌላ ነፍስ አልጨምርለትም አሉ። የሚፈለፍል ማሽን አለ ደግሞ አለች፤ በዚህ በሙቀት ወራት መብራቱ በቀን ስንቴ እንደሚጠፋ ረስታው ነው። ስለዚህ ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ።

እኔስ ያንቺ ልጅ አይደለሁ? ያንቺን አደረግሁ። ሰፌድ ላይ ነጠላ አነጠፍኩ፣ እንቁላሎቹን ደረደርኩ፣ ብርድ እንዳይነካቸው ብዬ በጋቢዬ ሸፈንኳቸው፣ ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋሁ። በራሴ ኮርቼ ወደ ሥራዬ ወረድኩ። ቀትር ላይ ተመልሼ ጋቢውን ስገልጠው ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ። አንዱን ሰበርኩት፤ ረግቷል። ሌላም ሰበርኩ፤ ያው ነው። በሰኔ ወር፣ ጅቡቲ ላይ፣ እንቁላል በጋቢ የሸፈነ ሰው ከእኔ በቀር ተፈልጎ አይገኝም። ማዳም ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። "አንቺ የደጋ ልጅ! እዚህ አገር የምንፈራው ብርዱን ነው እንዴ?"

ከዚያ አጠገባቸው አስቀምጠው የአያታቸውን ብልሃት አስተማሩኝ። "ዓይንሽን ጨፍኚ። እንቁላሉን የዓይንሽ ቆብ ላይ አሳርፊው። ካቃጠለሽ ሙቀት በዝቶበታል። ከቀዘቀዘሽ አንሶታል። ምንም ካልተሰማሽ፣ የራስሽ ገላ ከመሰለሽ፣ እሱ ነው።" ደግሞ ምልክት አድርጊበት አሉኝ፤ ዶሮ እንቁላሏን እንደምታገላብጠው እኔም ማገላበጥ አለብኝ። እኔ ሞኟ በከሰል መስቀል መስቀል አድርጌ አመጣሁላቸው።

"ምን አደረግሽ? እንቁላሎቼን አጠመቅሻቸው?" አሉኝ።

ደንግጬ "ይቅርታ ማዳም፣ እጄ የለመደው እሱን ነው" አልኩ።

ሳቃቸው መጣ። ዶሮዎቹ ካለቁ ወዲህ የሳቁት ያን ቀን ነው። ኩላቸውን አስመጡና በኩሉ እንጨት በእያንዳንዱ እንቁላል ሌላ ጎን ላይ ጨረቃ ሣሉበት። "አሁን ትክክል ሆነ። ጠዋት ያንቺን ወደ ላይ፣ ማታ የኔን ወደ ላይ። አላህም ማርያምም አይጣሉም" አሉ። ያን ቀን ሩዝ በሉልኝ።

እንዲህ ሆኜ ዶሮ ሆንኩ እልሻለሁ። ቀን የክፍሌ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲግል ሰፌዱን ወለሉ ላይ አወርድና ከላዩ እርጥብ ጆንያ እሰቅላለሁ። ሲመሽ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት መልሶ ስለሚተፋው እዚያ ሥር አስጠጋቸዋለሁ። ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነሳ ጆንያው እንዳሰጡት በርበሬ ይሆንብኛል፤ ሥራዬን እየጣልኩ ወጥቼ አርሰዋለሁ። ግን ከቀትር በቀር ብዙ የሚያስቸግር ነገር አልነበረውም። ጠዋት ስነሳ ዓይኔን ጨፍኜ እንቁላሉን ቆቤ ላይ ሳሳርፈው ምንም አይሰማኝም። ማታ ልተኛ ስል አሳርፈዋለሁ፤ ምንም አይሰማኝም። የራሴ ገላ ነው። ክፍሌ ራሱ ታቅፏቸዋል እንጂ እኔ ያደረግሁት ማገላበጥ ብቻ ነው።

እማዬ፣ ያን ሙቀት ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ መሰለሽ። አሁን ግን መሐሉ ተቀምጬ አየዋለሁ፤ ለእኔ እንቅልፍ የሚነሳኝ ለእነሱ እናት ሆኗል። የእግዚአብሔርን ሥራ ማን ያውቀዋል? እውነቴን ነው የምልሽ፣ አንዳንድ ቀን "ዛሬ አይብረድብን" ብዬ ጸልያለሁ።

የስልኬን ባትሪ አብርቼ እንቁላሉን ከላዩ ሳደርገው ውስጡ ይታየኛል። መጀመሪያ ቀይ ክሩ ብቻ ነበር። ቆየና ጥቁር ነጥብ መጣ፤ ዓይኑ ነው አሉኝ ማዳም። እስካሁን ብርሃን ያላየ ዓይን ብርሃኑን ሳበራበት ፈቀቅ አለ! ከዚያ ወዲያ እየጠቆረ፣ እየሞላ ሄደና ብርሃን አላሳልፍ አለ። አንድ ፈሳሽ ነገር፣ ጠብሰን የምንበላው ነገር፣ እንዴት አድርጎ ጥፍር ያበቅላል? ላባውን ከየት አመጣው? አንቺ እኔን አርግዘሽ ሳለሽ እንዲህ ትገረሚ ነበር? ወይስ ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ ሲሉሽ ለመገረም ጊዜ አልነበረሽም?

ሦስት ሳምንቱ እየሞላ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሆነ። ያን ሰዓት እዚህ ከተማው ሁሉ ይተኛል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገድ ላይ ፍየል እንኳ አይንቀሳቀስም። ዕቃ አጥቤ ጆንያውን ላረጥብ ወጣሁ። ጎንበስ ስል "ጪው" አለ። ከውጭ መሰለኝ። ዞር አልኩ፤ ማንም የለም። እንደገና "ጪው"። አንዱን እንቁላል አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። እማዬ፣ ከውስጡ ነው። ሳይሰበር፣ ቀዳዳ እንኳ ሳይኖረው፣ ከውስጥ ሆኖ ይጣራል። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

"ማዳም! ማዳም ይስሙ፣ ያወራሉ!" ብዬ በደረጃው ወደ ታች ጮኽኩ።

እዚህ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ማዳም በዚያ ደረጃ አንድ ቀን ወጥተው አያውቁም፤ ጉልበታቸው እንዳንቺው ነው። አምጥቼ ላሳያቸው ስል "አትነቅንቂያቸው፣ እኔ እመጣለሁ" አሉ። እኔ ከኋላ እየደገፍኳቸው፣ በየደረጃው ቢስሚላሂ እያሉ ወጡ። ክፍሌ ሲገቡ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሱና የበሩን መቃን ያዙ። አልጋዬ ላይ አስቀመጥኳቸው። እንቁላሉን ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ አሳርፈው ቆዩ፤ ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? "ቁ ቁ ቁ" አሉ፣ እንደ እናት ዶሮ። ከውስጡ መለሰላቸው። እንደገና "ቁ ቁ ቁ" አሉ። ሰፌዱ ላይ ያሉት ሁሉ በየቅርፊታቸው ውስጥ ሆነው ተቀበሏቸው።

"የእናቴ ዶሮዎች ድምፅ ነው" አሉ። እንባቸው ወረደ።

ጥቂት ቆይቶ የአንደኛው ቅርፊት፣ ከመስቀሉ ዝቅ ብሎ፣ ተሰነጠቀ። የምንቁሩ ጫፍ ታየ። ይመታል፣ ያርፋል፤ ይመታል፣ ያርፋል። ቅርፊቱን እየዞረ እንደ ክዳን ይቆርጠዋል፤ ማን አሳየው? የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ አይቶ የተማረበት እናት የለው። እኔ ትዕግሥት አልቆብኝ ልላጥለት እጄን ስዘረጋ ማዳም መዳፌን መቱኝ። "ተይው! ያወጡት አይድንም፤ የወጣ ነው የሚድነው።" እጄን ሰበሰብኩ።

ስንጠብቅ ሰዓቱ ሄደ። እኔ ጫጩቱን ሳይ ማዳምን ረስቻቸው ነበር። ቀና ስል ግን ልብሳቸው በላብ ከገላቸው ተጣብቋል፤ ኩላቸው ከእንባውና ከላቡ ጋር ጉንጫቸው ላይ ወርዷል። በሻሻቸው ፊታቸውን ያብሳሉ፤ መልሶ ይመጣል። እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ነኩና ቶሎ ሰበሰቡት። ቆርቆሮውን ቀና ብለው አዩ። አልጋዬን አዩ። ጥግ ላይ የሰቀልኩትን ልብሴን አዩ።

"አበሩ።"

"አቤት ማዳም።"

"የምትተኚው እዚህ ነው?"

"አዎ ማዳም።"

"ሁልጊዜ?"

ጆንያውን ላረጥብ ተነሳሁ። እሳቸውም "እኔ እታች ሆኜ ክሊሙን ጨምሪልኝ እያልኩሽ..." አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ። ይውረዱ፣ ያምዎታል ብላቸው እምቢ አሉ። "አንቺ የምትኖሪበትን እኔ አንድ ከሰዓት መቀመጥ ያቅተኛል?" አሉ። ቆርቆሮው ከላያችን ሲንጣጣ ይሰማል።

ከዚያ ክዳኑ ተከፈተ። ጫጩቱ ተገላበጠና ሰፌዱ ላይ ተዘረረ፤ እርጥብ፣ አንገቱ የማይቆም፣ የሞተ ነገር የሚመስል። ደረቱ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ያች ምጣድ ላይ ያየኋት የጤፍ ፍሬ የምታህል ልብ አሁን ሰውነት አብጅታ፣ ዓይን አብጅታ፣ አፍ አውጥታ አየችኝ። ማዳም "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" ይላሉ። እኔ ማርያምን እጠራለሁ። ሁለታችንም በላብ ተዘፍቀን፣ ተቃቅፈን ስናለቅስ ሰው ቢያየን አብደዋል ይለን ነበር።

እስከ ማግሥቱ ድረስ አንድ በአንድ ወጡ። አንዱ ቅርፊቱን ከፍቶ መውጣት አቅቶት ቀረ፤ ለሱም አልቅሼለታለሁ። የቀሩት ግን ሲደርቁ ያየሽ እንደሆነ! ገብስማ አለ፣ ጥቁር አለ፣ አንዷ ደግሞ ነጭ ሆና ጭንቅላቷ ላይ ብቻ ወሰራ ጣል አድርጋለች። ማዳም ይቺ እናቴ ቅርጫት ውስጥ የነበረችው ናት ብለው ማሉ። እኔ እናት መሰልኳቸው መሰለኝ፣ ስቆም ይቆማሉ፣ ስሄድ እግሬ ሥር ይንጫጫሉ፤ አሁን እንኳ ይህን ስጽፍ አንዱ ጫማዬ ላይ ወጥቶ ተኝቷል።

የመጀመሪያው ጫጩት የወጣ ዕለት ማታ ፍራሼ ወደ ታች ወረደ። ማዳም ራሳቸው ናቸው ያዘዙት፤ ሳሎኑ አጠገብ ያለችውን የዕቃ ክፍል አስለቀቁልኝ። የመጀመሪያውን ቀን ብርድ ብርድ አለኝና ጋቢዬን ደረብኩ። ጋቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ መጣ፤ ምን እንዳስለቀሰኝ ለራሴም አልገባኝም።

ባለፈው አርብ ሙኒራ ልጆቿን ይዛ ጫጩቶቹን ልታይ መጣች። ደስ ብሏት ስታቅፋቸው ዋለች። ስትሄድ "እህትሽ ትምጣ እንጂ፣ ክፍሏን አዘጋጅቻለሁ" አለችኝ። ማዳም "የት ነው ያዘጋጀሽላት?" ብለው ጠየቋት። "ሰገነቱ ላይ ነዋ እማ፣ ውስጥ የት ቦታ አለኝ? ልጆቹ ራሳቸው ተደራርበው ነው የሚተኙት" አለች። እውነቷን ነው፣ ቤቷን አውቀዋለሁ፤ ቦታ የላትም። ማዳም እኔን አዩኝ። እኔ የጫጩቶቹን ውኃ መቅዳት ጀመርኩ።

እማዬ፣ ጥበብ እዚህ ላይ ስትደርስ አንቺ ቀድመሽ ነገሩ እንደገባሽ ይታየኛል። ስንት ዶሮ አስፈልፍለሽ ያሳደግሽን ሴት ነሽ፤ እንቁላል ያለ ዶሮ የሚፈለፈልበት ክፍል ምን ዓይነት ክፍል እንደሆነ ላንቺ አይነገርም። አትልቀሺ። አሁን እታች ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ እንቅልፍም እተኛለሁ። ቃሉ የሷ ነው ብለሽኛል፤ እኔ ደግሞ እንዲህ አድርጌዋለሁ።

ጥበብ፣ እህቴ፣ አሁን የምጽፈው ላንቺ ነው። ነይም ቅሪም አልልሽም። እማዬ ቤት የተኛች ዶሮ አይጠፋም። ይህን ደብዳቤ ስትጨርሺ ሂጂና እጅሽን ከሥሯ አስገቢ። ብትነክስሽም አስገቢው። ክረምት ነውና መጀመሪያ ይጣፍጥሻል፤ እሳት እንደ መሞቅ ነው። አታውጪው። እማዬ ራት እስክትሠራ ድረስ እዚያው ይቆይ። መዳፍሽ ሲያልብሽ፣ ነፋስ ሲያምረው፣ አሁንም አታውጪው። ከዚያ መላ ገላሽን፣ ቀንና ሌሊት፣ እዚያ ውስጥ አስቢው። እንዲህ አድርገሽ አሁንም እመጣለሁ ካልሽ፣ መስከረም ላይ ወደቡ በር ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ አንድም ቃል አልናገርሽም፣ ፍራሼንም ከሁለት እከፍልልሻለሁ። ካልመጣሽ ደግሞ፣ እህቴ፣ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርሺ የምሰማው ቀን ለእኔ ትልቅ በዓል ነው።

እማዬ፣ ዝናቡ በልክ ይሁንላችሁ፣ የዘራሽው ይብቀልልሽ፣ ጉልበትሽን ማርያም ትዳብስልሽ። ማዳም ሱሪያ "እናትሽን ሰላም በያት፣ ልጇን ሳላይ ሁለት ዓመት አስቀምጫታለሁና ይቅር በይኝ በያት" ብለው አስጽፈውኛል፤ ይኸው ጻፍኩት። ሙክታር ነገ ጠዋት ይነሳል፤ ደብዳቤውን ኮምቦልቻ እንደ ሁልጊዜው ሱቁ ላይ ያኖርላችኋል።

እጅሽን እስማለሁ።

ልጅሽ አበሩ